በጅማ ጎዳና ለሚያድሩ 50 ሰዎች የየዕለት ቁርስ እንዴት ይዘጋጃል

በፋሲካና በአረፋ ሰሞን ጅማ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው አይራብም። የቤተክርስቲያኑና የመስጊዱ ደጃፍ ይሞላል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳህን ይዞ ይወጣል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ግን ያው ሰው፣ በዚያው በረንዳ ላይ፣ ባዶ ሆዱን ይነጋለታል። ይህ መመሪያ ለዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ ላሉት ሳምንታት ሁሉ ነው። እድር፣ ሰንበቴ፣ ጀመዓ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ወይም የሰፈር ወጣቶች ተሰባስበው 50 ለሚያህሉ ሰዎች በየቀኑ ቁርስ ማብላት ሲያስቡ ምን ያህል እህል፣ ምን ያህል ውሃ፣ ስንት እጅ እንደሚያስፈልጋቸውና ሥራው የት የት ላይ እንደሚሰናከል እንነግራችኋለን።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ የማይቀር አንድ ሳህን ቂንጬ፣ በዓመት አንዴ ከሚታረድ በሬ ይበልጣል። ነገ ምግብ እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሥራ ይፈልጋል፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ወረፋ ይይዛል፣ ቀበሌ ይመላለሳል። ነገን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያሳልፈው ምግብ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ልክ ሁሉ የተሰላው ትልቅ ድግስ ለመደገስ አይደለም፣ ላለማቋረጥ ነው።

ቁርስን የመረጥንበትም ምክንያት አለ። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የሚወጣው ትራፊ፣ ጎዳና ላይ ቡሌ የሚባለው፣ የሚገኘው ከምሳ በኋላና ማታ ነው። ጠዋት ምንም የለም። ተሸክሞ ወይም አውርዶ የሚያድር ሰው ደግሞ ገበያና መናኸሪያ መድረስ ያለበት በማለዳ ነው፤ ሳይበላ ከሄደ ኩንታል ሊሸከም አይችልም፣ ካልተሸከመም አይበላም። ሌሊቱን በብርድ ያሳለፈ ሰውነት ከሁሉ በፊት ትኩስ ነገር ይፈልጋል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

በግምት የሚጀመር ማብላት በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል፤ ወይ ያንሳል ወይ ይደፋል። ሦስት ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ዙሩ። ከሦስቱ አንዱ የሐሙስ ምሽት ይሁን። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከሩቅ ገጠር ሰው የሚስብ ገበያ ነው፤ በገበያ ቀን ማታ የምታዩት ሰው ግማሹ ሸጦ ሳይመለስ የመሸበት እንጂ ጎዳና ነዋሪ ላይሆን ይችላል። ሌላው የእሑድ ምሽት ይሁን፤ ያን ቀን የምታገኙት ቁጥር ለእውነተኛው ይቀርባል።

መናኸሪያውን፣ የመርካቶን የሱቅ በረንዳዎች፣ የአዌቱ ወንዝ ድልድዮችን፣ የመስጊድና የቤተክርስቲያን አጥሮችን፣ ጥበቃ ያለባቸውን የባንክ ደጃፎች እዩ። የባንክ ደጃፍ የሚመረጠው መብራትና ዘበኛ ስላለ ነው፤ ሴቶችና አረጋውያን ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አካባቢንም አትዝለሉ። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁሉ ታማሚ ወደዚያ ይላካል፤ አስታማሚው ገንዘቡን ለመድኃኒት ጨርሶ ውጭ ሲያድር ራሱን «ጎዳና ተዳዳሪ» ብሎ አይጠራም፣ ረሃቡ ግን ያው ነው።

ፊት ላይ ባትሪ አታብሩ፣ ፎቶ አታንሱ፣ የተኛ አትቀስቅሱ። የምትጽፉት ቦታውን፣ ቁጥሩንና ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ፣ አረጋዊ የሚለውን ብቻ ነው። ስም አትመዝግቡ፤ ስም ሲጻፍ ብዙዎች የአፈሳ ዝርዝር ይመስላቸውና ቦታ ይቀይራሉ።

ቁጥሩ በወቅት ይለዋወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር በቡና ለቀማ ሰሞን የጉልበት ሠራተኛ ወደ ጅማ ዙሪያ ይጎርፋል፤ ለቀማው ሲያልቅ ቤቱ የሚመለስበት ሳንቲም ያልተረፈው ከተማው ውስጥ ይቀራል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሰልፉ ሲረዝም አትደንግጡ። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሰዉን ከሜዳ ወደ ጣሪያ ሥር ስለሚያሰባስበው ብዙ ይመስላል፤ ቦታ ቀየረ እንጂ ቁጥሩ ላይጨምር ይችላል።

አርባ አምስት ሰው ከቆጠራችሁ ለ50 አብስሉ። ከታች ያለው ልክ ሁሉ ለ50 ሳህን ነው።

ቦታ

ጣሪያ ያለው፣ ውሃ የሚደርስበት፣ ከአስፋልት ዳር የራቀ ግቢ ፈልጉ። ጅማ ዝናቧ ብዙ ወር ስለሚዘልቅ ጣሪያ የሌለው ቦታ አይሆንም። የእድር ግቢ ከሁሉ ይሻላል፤ ጎላ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ እዚያው አለ። ለእድሩ ዳኛ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የእቃውን ቁጥር ፈርማችሁ ተረከቡ፣ ለቅሶ ሲኖር ግቢውን እንደምትለቁ ተስማሙ። ለዚያ ቀን ምትክ ቦታ ከወዲሁ ይኑራችሁ።

ለቀበሌው ደብዳቤ አስገቡና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ግቢው ውስጥ አስቀምጡ፣ በቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያም አሳውቁ። የከተማውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮና የቡሳ ጎኖፋን (የኦሮሞ የመረዳጃ ሥርዓት) አስተባባሪዎች ቀድማችሁ ተዋወቁ። ፈቃድ ከመጠየቅ ባሻገር ጥቅሙ በኋላ ሕፃን ወይም ታማሚ ስታገኙ ማንን እንደምትጠሩ ማወቃችሁ ነው።

ሥጋ አታቅርቡ

ይህን ምክር ሰው ሁሌ ይከራከርበታል፤ «ለተራበ ሰው ሥጋ ይከለከላል?» ይባላል። በጅማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰልፍ ይቆማል፣ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ግን በአንድ ድስት አይገባም። ሁለት ድስት ካበሰላችሁ ሰልፉን በሃይማኖት ከፈላችሁት፤ አንድ ካበሰላችሁ ግማሹን ተራቡ አላችሁት። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ረጃጅሞቹ አጽዋማት አሉ። የጾም ምግብ ግን ሁሉም ይበላዋል። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልም በዚሁ ምክንያት ይቅሩ። ዘይት፣ ጥራጥሬና ስንዴ ካሉ አቅም የሚሰጥ ምግብ ይሠራል።

በረመዳን ሰዓቱን ቀይሩ። ለሚጾሙት ድስቱ ለማፍጠሪያ ይድረስ፤ ጥቂት ተምርና ውሃ ይቅደም። ለማይጾሙት፣ ለልጆች፣ ለታመሙና ለነፍሰ ጡሮች የጠዋቱ ይቀጥል፣ መጠኑ ያንሳል እንጂ አይቋረጥም።

የሳምንቱ ዋና ምግብ፦ ቂንጬ በምስር

በሳምንት አራት ቀን ይህን አብስሉ። ቶሎ ይደርሳል፣ ጥርስ ለሌለው አረጋዊም ለሕፃንም ይሆናል፣ በማንኪያ ይበላል፣ ሙቀቱን ይይዛል። ለ50 ሳህን 6 ኪሎ ቂንጬ፣ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 24 ሊትር ውሃ፣ 180 ግራም አዮዲን ያለው ጨውና አንድ እፍኝ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። አንዱ ሳህን ወደ 700 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን የሚታቀደው 2,100 ነው፤ ስለዚህ የቀኑን ሲሶ ሸፈናችሁ ማለት ነው። ምስሩን «ለመቆጠብ» የሚቀንስ ሰው ይኖራል። አትፍቀዱ። ስንዴው ሆድ ይሞላል፣ የስንዴውን ፕሮቲን የሚያሟላው ግን ምስሩ ነው።

ቢያንስ 50 ሊትር የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሁለት ባለ 30 ሊትር። ድስት ከሦስት ሁለቱ እጅ ብቻ ይሞላ፤ ከዚያ ካለፈ ይገነፍላል፣ ማማሰያውም ከሥር አይደርስም።

ማታውኑ ቂንጬውንና ምስሩን ልቀሙ፣ መዝኑ፣ በየከረጢቱ አስቀምጡ፣ ሽንኩርቱን ክተፉ፣ ውሃውን ቅዱ። በሌሊት እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚመዘን እህል ሁሌ ይሳሳታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ እሳት ይነድ። ሽንኩርቱ በዘይቱ ሩብ ሰዓት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይግባ፣ ከዚያ ውሃው ይጨመርና ድስቱ ይከደን። በእንጨት እሳት ያን ያህል ውሃ እስኪፈላ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ክዳን ከሌለ ማገዶውም ሰዓቱም ይረዝማል። ሲፈላ ምስሩን ክተቱ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቂንጬውን እያማሰላችሁ በቀስታ አፍስሱ። አንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል። ጨው ጨምሩ፣ እሳቱን አብርዱና 25 ደቂቃ ያህል ከሥር እየገፋችሁ አማስሉ። እሳቱን አውጥታችሁ ከድናችሁ ሩብ ሰዓት አሳርፉት፤ ያኔ የቀረውን ውሃ ይጠጣል።

ሥሩ ካረረ አትፋቁት። የላይኛውን በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፤ አንዴ ከተፋቀ የማረር ሽታው ሁሉንም ይወስደዋል። ብዙ ጊዜ የሚያርረው አማሳዩ ሽንኩርቱ ላይ ደክሞ ቂንጬው ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ሁለት አማሳይ ይቀያየሩ።

ከሻይ ጋር ይቅረብ፦ 12 ተኩል ሊትር ውሃ፣ 750 ግራም ስኳር፣ 60 ግራም ሻይ ቅጠል፣ ቅርንፉድና ቀረፋ። ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይታችሁ ስጡ፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል። ሙዝ ወይም አቮካዶ በሚረክስበት ወቅት ለያንዳንዱ አንድ ይጨመር። ጅማ ላይ ይህ ከባድ አይደለም፣ ከእህሉ የማይገኘውንም ቫይታሚን ይሰጣል።

ሽሮ፣ ንፍሮ፣ በሶ

በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ በሽሮ ይሁን፤ ሰው እንጀራ ካልበላ በላሁ አይልም፣ ይህንንም ማክበር ያስፈልጋል። 3 ኪሎ ሽሮ፣ 15 ሊትር ውሃ፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 150 ግራም ጨውና 75 እንጀራ። ሽሮው ከመግባቱ በፊት ከውሃው በተቀነሰ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፤ ያኔ አይጓጉልም። ከፈላ በኋላ 40 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ያልበሰለ ሽሮ ባዶ ሆድ ሲያገኝ ይነፋል። በርበሬው ይለዘብ፤ ሌሊቱን ባዶ ያደረ ሆድ ያቃጥለዋል።

የተፈጨ ርካሽ ሽሮ ከገበያ አትግዙ። ይህ የዚህ መመሪያ ዋነኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ ችግር የለውም፤ ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ይጎዳል፣ እግር ይሰንፋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ቤቱ ልዩ ልዩ ነገር የሚበላ ሰው ይድናል። የእናንተን ሽሮ ብቻ ጠብቆ የሚበላው ሰው ግን ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ሽምብራውንና አተሩን በፍሬው ግዙ፣ ራሳችሁ ልቀሙ፣ ራሳችሁ አስፈጩ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ለአንድ ወር 27 ኪሎ ያህል ይበቃል።

አንድ ቀን ንፍሮ ይሁን፦ 4 ኪሎ ስንዴ፣ 2 ኪሎ ባቄላ፣ 1 ኪሎ ተኩል ሽምብራ። ለ12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ይቀቀል። የዘፈዘፉት ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ባቄላውና ሽምብራው ቀድመው ይግቡ፣ ስንዴው ይከተል። ጨው በመጨረሻ ይጨመር። ንፍሮ ማኘክ ለማይችሉ አሥር ለሚሆኑ ሰዎች ከዚያው ቀንሳችሁ በሙቀጫ አድቅቁላቸው።

በሶ መጠባበቂያ ነው። ሁልጊዜ 5 ኪሎ በሶ፣ 1 ኪሎ ስኳርና የተፈላ ውሃ በእጃችሁ ይኑር። ማገዶ ረጥቦ እንቢ ሲል፣ ድስት ሲያርር፣ ከተቆጠረው በላይ ሰው ሲመጣ፣ ለአንድ ሰው 100 ግራም በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ተበጥብጦ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በማግስቱ አይመጣም፤ ቢመጣም ሊሻማ ነው የሚመጣው።

ሆቴሎች ትራፊ እንስጣችሁ ቢሉ አትናደዱ፣ ሕጉን ግን ንገሯቸው፦ ሰው ሳህን ላይ ያልቀረበ፣ ከድስት የተረፈ፣ ሥጋና ወተት የሌለበት፣ ከተሠራ ሁለት ሰዓት ያላለፈው ብቻ። ያም ቢሆን እንደገና ፈልቶ ነው የሚቀርበው። የቀዘቀዘ ሩዝ ይቅር፤ በውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ቢሞቅም አይጠፋም።

ውሃና እቃ

ለ50 ሰው፣ ለማብሰያው ሌላ፣ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል፦ አንድ ተኩሉ ለእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ተኩሉ ለመጠጥ፣ ሦስቱ ለእቃ ማጠቢያ። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ውሃው ሁሌ በዋዜማው ይቀዳ። የመጠጡ ይፍላ ወይም ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ይጨመርበት፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ አለ፣ ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የወንዝ ውሃ፣ የአዌቱንም ቢሆን፣ ለእቃ ማጠቢያ እንኳ አትጠቀሙ።

ሦስት ሳፋ ይሰለፍ። የመጀመሪያው ሳሙና፣ ሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው 10 ሊትር ውሃ ከ20 ሚሊ ሊትር በረኪና ጋር፤ ይህ ልክ የሚሠራው ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ነው። ሳህኑ ሁለት ደቂቃ ይቆይበት፣ በጨርቅ ሳይወለወል ተገልብጦ ይድረቅ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ተቅማጥ ያለበት ወይም እጁ ላይ ቁስል ያለው አባል ያን ቀን ወረፋ ያስይዝ፣ ድስት አይንካ።

የሚጣል የፕላስቲክ ሳህን ቀላል መስሎ ይታያል። ወጪው ግን በየቀኑ ነው፤ ቆሻሻውም ግቢውን ያስነጥቃችኋል። የእድሩን ሳህን እጠቡ።

ሰልፉ

ጠብ የሚነሳው ከረሃብ ይልቅ ካለማወቅ ነው፤ «ይደርሰኛል ወይ?» ከሚለው። መልሱን በእጅ ስጡት። 50 የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባችሁ በአንድ ቀለም ቀቡ። ሰው ሲገባ አንድ ቆርኪ ይቀበላል፣ ሳህን ሲወስድ ይመልሳል። ቆርኪ የያዘ ሰው ምግቡ እንደተቀመጠለት ያውቃልና አይጋፋም። ቆርኪው ውጭ መሸጥ ከጀመረ ቀለሙን ቀይሩ።

ሕፃን ያዘሉና ነፍሰ ጡሮች በሌላ በር ይግቡ፣ ቀድመው ይቀመጡ። ሴት በወንዶች ሰልፍ መሃል እንድትቆም አታድርጉ፤ ሌሊት ያስቸገራት ሰው ከኋላዋ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለእናንተ አትናገርም፣ ዝም ብላ ትቀራለች።

ጭልፋው አንድ ይሁን፣ የሚጨልፈውም አንድ ሰው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጭልፋ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ። ለሚያውቁት ከፍ፣ ለማያውቁት ዝቅ ማድረግ በሦስት ቀን ይታወቃል። ድጋሚ የሚሰጠው ሁሉም ከደረሰው በኋላ ነው። ሰው ተቀምጦ ይብላ።

አጠራራችሁ ከምግቡ እኩል ይቆጠራል። ትልልቆቹን አንቱ በሉ፤ አባባ፣ እማማ፣ እናቴ፣ ወንድሜ። «ለማኝ» እና «ዱርዬ» የሚሉ ቃላት ግቢው ውስጥ አይሰሙ፣ ለቀልድም ቢሆን። አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው በየፈረቃው ቢያንስ አንድ ይኑር። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ»፣ «አካም ቡልተን» ስትሉ በረንዳ ላይ ላደረ ሰው ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ቆማችሁ ስሙ። ሌሊት ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተደበደበ፣ አዲስ ልጅ የት እንደመጣ የምታውቁት በዚያች ደቂቃ ነው።

የአእምሮ ሕመም ያለበትና ሰልፍ የማይገባ ሰው ካለ ሳህኑ ወደ እሱ ይሂድ። ሁሌ አንድ ሰው ይውሰድለት፣ ከፊት ለፊቱ ይቅረብ፣ ክንድ ያህል ርቆ ያስቀምጥና ይመለስ። እንቢ ካለ አትለማመጡት፣ ነገም ውሰዱለት። ሰዉን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል፤ ከለመደ በኋላ ወደ ሕክምና ማዕከሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብሮ ለመሄድ የሚያምነው ያንኑ ሳህን አምጪ ነው።

ምግብ ብቻ የማይበቃቸው

ለአምስት ቀንና ከዚያ በላይ እህል ያልቀመሰ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ሙሉ ሳህን አይሰጠው። ሰውነት ምግብ ሲያጣ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ድንገት ብዙ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዋማ ንጥረ ነገሮች ይዛባሉ፣ ልብ እስከማቆም ያደርሳል። ግማሽ ብርጭቆ ቀጭን አጥሚት በየሁለት ሰዓቱ እየሰጣችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የክንድ መለኪያ ቲፑን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተማሩ። የክንዱ ዙሪያ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮች አብጠው በጣት ሲጫኑ ጉድጓድ ከቀረ፣ ለነገ አይባልም፤ ሐኪም ያየው። እብጠትን «ወፈረ» ብሎ ማለፍ ሕፃን ይገድላል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ቁርሱ እንዳይቀር ልዩ ትኩረት ስጡት፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በረሃብ ምክንያት ነው።

በብርድና በዝናብ ወቅት፣ ቅማል ያለበት ሰው ድንገት ከባድ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ካለው ግርሻ ወይም ተስቦ ሊሆን ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝታችሁ አትስጡት። ግርሻ ሲታከም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም ግፊትን የሚጥል አደገኛ ምላሽ ስለሚያመጣ ታማሚው የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። የሰውነት ቅማል የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፦ ቅያሪ ልብስ ስጡና አሮጌውን በፈላ ውሃ ቀቅሉት፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል። መቀቀል ካልተቻለ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። የማንንም ጸጉር በግድ አትላጩ። የወደቀ ሰው ካጋጠመ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ልጆች

ለልጅ ሳንቲም አትስጡ፤ ማስቲሽ ይሆናል ወይም ትልቁ ይነጥቀዋል። ማስቲሽ የሳበ ልጅ ሲመጣ አታባርሩት፣ አትገሥጹትም፤ አስቀምጣችሁ አብሉት፣ ንግግሩ እስኪጠራ ይቆይ። «ካበላናቸው ጎዳናው ይጥማቸዋል» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። የራበው ልጅ ቤቱ ይመለሳል ማለት ግን ስህተት ነው፤ የሚሄደው ወደሚቀጥለው ከተማ ነው። ልጅን በራሳችሁ መኪና ወደ ቤተሰቡ አትውሰዱ፣ ቤታችሁም አታሳድሩ። የሸሸው ከምን እንደሆነ አታውቁም። አዲስ የመጣ ልጅ ባያችሁ በዚያው ቀን ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አሳውቁ፤ ልጅ ጎዳና ላይ በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል።

ሰውና ገንዘብ

በቀን አምስት ሰው ይበቃል፦ ሁለት አብሳይ፣ አንድ ጨላፊ፣ አንድ በር ላይ፣ አንድ እቃ አጣቢ። አራት ፈረቃ ካላችሁ ሃያ ሰው ነው። አንድ ሰው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አይግባ፤ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ የሚመጣ ሰው በሦስተኛው ወር ይጠፋል። ተማሪዎች ካሉበት የፈተናና የእረፍት ጊዜውን ቀድማችሁ ሙሉ።

የሦስት ወር ወጪ በእጃችሁ ሳይገባ አትጀምሩ። የአንድ ሳምንቱ እህል 24 ኪሎ ቂንጬ፣ 8 ኪሎ ምስር፣ 6 ኪሎ ሽሮ፣ 150 እንጀራ፣ 7 ኪሎ ተኩል ንፍሮ፣ 6 ሊትር ዘይት፣ 14 ኪሎ ሽንኩርት፣ 5 ኪሎ ከሩብ ስኳርና 1 ኪሎ ተኩል ጨው ነው፤ ማገዶ፣ ሳሙናና በረኪና ይጨመርበት። በዛሬው የገበያ ዋጋ አባዙትና አሥር በመቶ ጨምሩ። እህሉን በኩንታል ስትገዙ ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ በጅማ እርጥበት መሬት ላይ ያረፈ ማዳበሪያ ቶሎ ይሻግታል። የሻገተ እህል ታጥቦ አይበላም፣ ይጣላል።

ለለጋሽ የሚታየው ደረሰኙ፣ ድስቱና የቀኑ የሳህን ቁጥር ነው። የሚበላ ሰው ፎቶ አይነሳ፣ ፈቃድ ቢሰጥም፤ ሳህን የሚጠብቅ ሰው እንቢ ማለት አይችልም።

ገንዘቡ ሲሳሳ ቀን አትቀንሱ። መጀመሪያ ስኳሩን፣ ቀጥሎ የእንጀራውን ቀን ወደ ቂንጬ ቀይሩ፣ ከዚያ አዲስ ሰው መቀበል አቁሙ። ማቆም ግድ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሰልፉ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ፣ በእነዚያ ቀናትም መድኃኒት የጀመሩትን፣ አራሶቹንና አረጋውያኑን ለሌላ እድር፣ መስጊድ ወይም ቤተክርስቲያን አንድ በአንድ፣ እጅ በእጅ አስረክቡ።